የለቀቀ ሠራተኛ ኢሜይሉን ይዞ እንዳይሄድ

ጎንደር ፒያሳ አጠገብ የአንድ እንግዳ ማረፊያ ሒሳብ እይዛለሁ። አንድ ዓመት ለጥምቀት አሥራ ሁለት ክፍል ያስያዘ የውጭ አስጎብኚ ድርጅት ሰረዘብን፤ ቀብዱን መለስንለት። በኋላ ኦዲተሩ «ይህ ገንዘብ ለምን ወጣ?» ሲል መልሱ ያለው አንድ ኢሜይል ውስጥ ነበር፤ ኢሜይሉም በለቀቀው እንግዳ ተቀባይ የግል አድራሻ። ደወልንለት። ልጁ ደግ ነው፤ ግን ሳጥኑን አጽድቶታል። ማስረጃ የለም ተባለና ኪሳችን ላልቀረ ገንዘብ ግብር ከፈልን።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሥራ ደብዳቤ ሁሉ በድርጅቱ ስም በተከፈተ አድራሻ ይሁን። ሠራተኛ ሲለቅ የይለፍ ቃሉን ቀይሩ፤ ሳጥኑን ሳትገለብጡ አድራሻውን አታጥፉ። በጎግል የድርጅት አገልግሎት የጠፋ ተጠቃሚ የሚመለሰው በ20 ቀን ውስጥ ብቻ ነው።

ስንት ዓመት ይቀመጥ? በፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የግብር ባለሥልጣኑ የግብር ስሌትን እስከ አምስት ዓመት ሊያሻሽል ይችላል፤ ማጭበርበር ካለ ግን የጊዜ ገደብ የለውም። የንግድ ሕጉ ከዚያ የረዘመ ጊዜ ካዘዘ የሚሠራው ረጅሙ ነው። እኔ አሥር ዓመት እይዛለሁ፤ ዲስክ ከቅጣት ይረክሳል።

ኢሜይልን አትሞ ማስቀመጥ ወይም የስክሪን ፎቶ ማንሳት በቂ አይመስለኝም። ላኪው፣ ተቀባዩና የተላከበት ሰዓት በደንብ የሚረጋገጡት ኦሪጅናሉ ፋይል ሲኖር ነው። ከጂሜይል ጎግል ቴክአውት በሚባለው የጎግል ማውረጃ አማካይነት ሳጥኑን ከነአባሪዎቹ በኤምቦክስ (ብዙ ኢሜይል በአንድ ላይ በሚይዝ) ፋይል አውርዱ። በቴሌግራም የተዋዋላችሁትንም አትርሱ፤ የኮምፒውተሩ ቴሌግራም የንግግሩን ታሪክ ወደ ፋይል ያወጣል። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ይደበዝዛል፤ በደረሰን ቀን ስካን ይደረግ።

ብዙ ሰው የሚደናገረው በቀን ላይ ነው። ኢሜይል በፈረንጆች ቀን ይመጣል፤ ደረሰኛችን በእኛ ቀን ነው፤ የበጀት ዓመቱ ደግሞ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ጁላይ 7 ቀን 2024 የመጣ ደብዳቤ ሰኔ 30 ቀን 2016 ነውና በ2016 ማኅደር ይገባል፤ በማግስቱ የመጣው ግን፣ ወሩ ገና ሐምሌ 2016 ቢሆንም፣ የ2017 በጀት ዓመት ነው። አዲስ ሠራተኛ ይህን ሲያይ ስህተት መስሎት ወደ 2016 ይመልሰዋል፤ ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል። አሁን የእያንዳንዱ ፋይል ስም በሁለቱም ቀን ይጀምራል፤ ከዚያ ጉዳዩ፣ ከዚያ የደረሰኙ ቁጥር።

ቅጂው ሦስት ነው፦ አንዱ ቢሮ ውስጥ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በተቀመጠ ሃርድ ዲስክ፣ ሁለተኛው በክላውድ፣ ሦስተኛው አዘዞ ባለቤቱ ቤት። ፋሲል ግቢ የጻድቁ ዐፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ሕንጻው ዛሬም ቆሟል፤ መጻሕፍቱ ግን እዚያ የሉም። ሁሉን በአንድ ጣሪያ ሥር ላለማኖር እኔ ሌላ ምክንያት አላስፈለገኝም።

ሁሉንም ያዙ ማለቴ ግን አይደለም። የእንግዶች ፓስፖርት ቅጂ እንደ ቅርስ ሊቀመጥ አይገባም፤ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ የሚያዘው ለተሰበሰበበት ዓላማ እስካስፈለገ ድረስ ነው። እኛ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ጊዜው ያለፈውን እናጠፋለን፤ ምን እንደጠፋና ማን እንዳጠፋው በመዝገብ ይፈረማል። ምርመራ ወይም ክስ ከተጀመረ ግን ማጥፋቱ ወዲያው ይቆማል፤ ይህንን ፋይል ለማጽዳት ለሚተጋው ባልደረባችሁ በጽሑፍ ስጡት።

በየወሩ መጨረሻ ከአዘዞው ዲስክ አንድ የድሮ ኢሜይል በዕጣ አውጥቼ እከፍታለሁ። ባለፈው ሰኔ ዲስኩ ደህና ነበር፣ መክፈቻውን የሚያውቀው ሰው ግን ለቅሶ ሄዶ ነበር። ይለፍ ቃሉ አሁን በታሸገ ፖስታ ካዝናው ውስጥ አለ።