ንስሐ ለመግባት ሲዘጋጁ፦ የሰው ዕዳ መመለስ፣ ሽማግሌ መላክና ቀኖና መቀበል

ወሎ ውስጥ ደም የተቃቡ ወገኖች የሚታረቁት አበጋር (የአገር አስታራቂ ሽማግሌ) ገብቶ፣ ካሳ ተቆርጦ ነው። በዚህ ወግ ያደገ ሰው መስቀሉንም በዚያው ዓይን ሊያይ ይችላል፤ እግዚአብሔር እንደ ሟች ወገን ተቆጥቶ ደም ሲጠብቅ፣ ክርስቶስ ከፍሎ ያበረደው ይመስለዋል። ከሁሉ በፊት መቃናት ያለበት ይህ ነው። 2ኛ ቆሮንቶስ 5፥19 እግዚአብሔር በክርስቶስ ሆኖ ዓለሙን ከራሱ ጋር ያስታርቅ እንደ ነበር ይናገራል። የተበደለው ራሱ ለዕርቅ መጣ፤ ካሳውንም ራሱ ቻለው። በምዕራቡ ዓለም በ11ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ አንሰልም የተነካው የእግዚአብሔር ክብር ካሳ ይሻል ብሎ አስተማረ፤ በኋላም የፕሮቴስታንት መምህራን ክርስቶስ ቅጣታችንን በእኛ ፈንታ ተቀበለ የሚለውን አጠነከሩ። በ4ኛው መቶ ዘመን የነበረው ቅዱስ አትናቴዎስ አጥብቆ የተናገረው ግን ቃል ሥጋ የለበሰው ሞትን ሽሮ የተበላሸውን የሰው መልክ ሊያድስ መሆኑን ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም «ካሰልን» ስትል የጨከነ አባት በልጁ ደም ተለሳለሰ ማለቷ አይደለም። ጨካኝ ነው ብሎ የሚፈራ ሰው ካህኑ ፊት ቆሞ ግማሹን ይደብቃልና ነገሩ ቀላል አይደለም።

ቀጥሎ ወረቀት ይዘው ይቀመጡ። «ሰው በድያለሁ» ብሎ መጻፍ አይጠቅምም። «የጎረቤቴን ድንበር ሁለት ክንድ ገፍቼ ሦስት ክረምት አረስኩት» ሲባል ግን ካህኑም መድኃኒቱን ያውቃል፣ እርስዎም ምን እንደሚመልሱ ያውቃሉ። የራስዎን ብቻ ይጻፉ፤ የባልን፣ የሚስትን፣ የአማትን ጥፋት መዘርዘር ኑዛዜ ሳይሆን ክስ ነው። ተናዘው ሲጨርሱ ወረቀቱን ያቃጥሉት።

የሰው ገንዘብ ካለ ሳይውል ሳያድር ይመለስ። ዘኍልቍ 5፥7 የተወሰደው ከነአምስተኛው እጅ ጭማሪ እንዲመለስ ያዛል፤ በዚህ ስሌት አምስት ኩንታል ጤፍ የወሰደ ስድስት ይመልሳል። በወንጌል ቀራጩ ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል። በአንድ ጊዜ የማይቻል ከሆነ ቀን ቆርጠው፣ ምስክር አስቀምጠው ይክፈሉ። ባለቤቱ ሞቶ እንደሆነ ለወራሹ ይሰጣል፤ ወራሽ ከጠፋ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። የተበደለው ሙስሊም ጎረቤት ቢሆንም ዕዳው ያው ዕዳ ነው።

ቂም ወይም ደም ያለበት ቤት ብቻዎን አይሂዱ፤ ይቅርታ ሊጠይቅ የሄደ ሰው ሌላ ደም ይዞ ሊመለስ ይችላል። አበጋር ወይም የተከበሩ ሽማግሌዎችን ይላኩ። ወንጀል ከሆነም ኑዛዜው የፍርድ ቤቱን ጉዳይ አይዘጋውም።

እዚህ ላይ ሽማግሌዎችም ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። የተደበደበች ሚስት «ለእግዚአብሔር ብለሽ ማሪው» ተብላ በዚያው ምሽት ወደ ቤቱ ትመለሳለች። ይቅርታ ቂምን መተው ነው፤ ወደ ዱላ መመለስ ግን ከይቅርታ አይቆጠርም። ዱላው መቆሙ በጊዜ እስኪታይ በወላጆቿ ቤት መቆየቷ ኃጢአት የለበትም፤ እሷን የሚያስቸኩላት ሰው የበዳዩን ሥራ እያቀለለለት ነው።

ወደ ንስሐ አባትዎ ሲሄዱ አስቀድመው ቀን ይያዙ። መስከረም 21 ግሸን ላይ፣ በዚያ ሁሉ ምእመን መካከል ረጅም ኑዛዜ አይሆንም፤ ከንግሡ በፊት በደብርዎ ይጨርሱ። «አባቴ ይፍቱኝ» ብለው ይጀምሩ፤ በጣም የሚያሳፍረውን በቅድሚያ ይናገሩ፤ ለመጨረሻ የተተወ ሳይነገር ይቀራልና።

የሚሰጥዎ ቀኖና ጾም፣ ስግደት፣ ጸሎት ወይም ምጽዋት ሊሆን ይችላል። ቀኖና መድኃኒት እንጂ የይቅርታ ዋጋ አይደለም። ጨጓራ የሚያምዎ፣ ነፍሰ ጡር ወይም አረጋዊ ከሆኑ ያኔውኑ ይንገሩ፤ አባ ይቀይሩልዎታል። አፍሮ ዝም ብሎ በሦስተኛው ቀን ማቋረጡ ነው ጉዳቱ፤ ሰው ከዚያ በኋላ ካህኑንም መሸሽ ይጀምራል። ተናዘው ያበቁትን ኃጢአት በየወሩ እንደ አዲስ አይደጋግሙ። ዳግመኛ ከወደቁ ግን አብሽሩ፤ የወደቁበትን ቦታና ሰዓት ጭምር ለአባ ይንገሩ፤ ወደ ውድቀት የሚወስደው መንገድ የሚዘጋው ከዚያ ነው።

ቀኖናዎን ፈጽመው «እግዚአብሔር ይፍታህ» ከተባሉ በኋላ ለቁርባን ይዘጋጁ። ጾሙ 18 ሰዓት ነው፤ ከሚቆርቡበት ሰዓት ወደ ኋላ ቆጥረው የመጨረሻ ምግብዎን ይወስኑ።