ፑል ሪኩዌስታችሁ ቀይ ሲሆን፦ ችግሩና መፍትሄው

ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክት ላይ ኮድ ስትልኩ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያየው ማሽን ነው። ፑል ሪኩዌስቱ (ለውጣችሁ እንዲካተት የምታቀርቡት ጥያቄ) ሲከፈት ጊትሃብ አክሽንስ ወይም ሌላ የሲአይ (ኮድን በራሱ የሚፈትሽ) አገልግሎት ኮዱን አዲስ ኮምፒውተር ላይ ያወርዳል፣ ቴስቶቹን ያስኬዳል፣ አጻጻፉን ይፈትሻል። አንዱ ከወደቀ ቀይ ምልክት ይወጣል። ጀማሪ ሰው ይህን ሲያይ "ኮድህ አይረባም" የተባለ ይመስለውና ሥራውን ጥሎ ይሄዳል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ከታች እንደምታዩት ቀይ ከሚያደርጉት ነገሮች ብዙዎቹ ከኮዱ ጥራት ጋር አይገናኙም።

ፍተሻው ጭራሽ አልጀመረም

መጀመሪያ መልዕክቱን አንብቡ። ፈቃድ እየጠበቀ ነው የሚል ከሆነ የእናንተ ጥፋት የለበትም። በ2021 ሰዎች በፑል ሪኩዌስት በኩል ገብተው የጊትሃብን ነጻ ሰርቨር ክሪፕቶ ማውጫ አደረጉት። ከዚያ በኋላ ጊትሃብ ለፕሮጀክቱ አዲስ የሆነ ሰው የላከው ፍተሻ ያለ ሜይንቴይነር (የፕሮጀክቱ ኃላፊ) ፈቃድ እንዳይነሳ አደረገ። ኩበርኔቲስ የሚባለው ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክትም ተመሳሳይ አሠራር አለው፤ ከአባላቱ አንዱ "ኦኬ ቱ ቴስት" የሚለውን ትዕዛዝ እስኪጽፍ ድረስ የአዲስ ሰው ቴስት አይጀምርም። ጠብቁ፤ ጥቂት ቀናት ካለፉ በአንድ አጭር መልዕክት በትህትና አስታውሱ።

ፈቃድ ካልተጠየቀ ደግሞ ኮንፍሊክት መኖሩን እዩ። ፑል ሪኩዌስቱ ከዋናው ብራንች (ከፕሮጀክቱ ዋና የኮድ ቅጂ) ጋር ከተጋጨ ጊትሃብ አክሽንስ ፍተሻውን አያስነሳም። ግጭቱን ፈታችሁ ፑሽ ስታደርጉ (ለውጡን ስትልኩ) ይነሳል።

የእናንተ ላፕቶፕ ላይ ያልፋል፣ እዚያ ይወድቃል

ብዙ ሰዓት የሚበላው ይሄኛው ነው። ሎጉን (የፍተሻውን ዝርዝር መዝገብ) ስትከፍቱ የመጨረሻው መስመር ሂደቱ በ1 ቁጥር መውጣቱን ብቻ ይነግራችኋል፤ እሱ አይጠቅምም። ወደ ላይ ወጥታችሁ የመጀመሪያውን ስህተት ፈልጉ። ከሱ በታች ያለው ብዙ ጊዜ የሱ ውጤት ነው። ቀጥሎ ዋናው ብራንች ራሱ ቀይ መሆኑን አጣሩ። እሱም በዚያው ቴስት ወድቆ ከሆነ ችግሩ ከእናንተ በፊት የነበረ ነው።

ዋናው አረንጓዴ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጊትሃብ አክሽንስ በተለመደው አሠራሩ የሚፈትሸው የእናንተን ብራንች ለብቻው አይደለም፤ ከዋናው ብራንች ጋር የተዋሃደውን ነው። እናንተ ስትሠሩ ዋናው ከተቀየረ፣ እዚያ የተፈተሸው ኮድ ላፕቶፓችሁ ላይ የለም። ዋናውን አውርዳችሁ ሪቤዝ አድርጉና (ለውጣችሁን በአዲሱ ዋና ላይ አስቀምጡና) ቴስቱን እንደገና አስኪዱ።

አሁንም እናንተ ጋ ካለፈ ልዩነቱ ማሽኑ ላይ ነው። ዊንዶውስና ማክ በተለመደው ሁኔታቸው የፋይል ስም ላይ ትልቅና ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል አይለዩም፤ ሊኑክስ ይለያል። "ፋይሉ አልተገኘም" ካለ ስሙን ፊደል በፊደል አስተያዩ።

ሰዓትም አለ። የጊትሃብ ማሽኖች የሚሠሩት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ሲሆን ኢትዮጵያ 3 ሰዓት ትቀድማለች። አዲስ አበባ ላይ የተጻፈ ቴስት 15:00 ሲጠብቅ እዚያ 12:00 ያገኛል። ልዩነቱ ልክ 3 ሰዓት ከሆነ ምክንያቱን ሌላ ቦታ አትፈልጉ። የሰዓት ዞን የሚወስነውን ቲዜድ የሚባል ተለዋዋጭ ዩቲሲ አድርጋችሁ ቴስቱን ስታስኬዱ ስህተቱ እናንተም ጋ ይወጣል። መፍትሄው የሰዓት ዞኑን ኮዱ ውስጥ በግልጽ መጻፍ ነው።

የአማርኛ ትርጉም ወይም ጽሑፍ ለምትጨምሩ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ ሊኑክሱ አረንጓዴ ሆኖ ዊንዶውሱ ብቻ ይቀላል። እስከ ፓይተን 3.14 ድረስ ኢንኮዲንግ (ፊደል ወደ ባይት የሚቀየርበት ስልት) ሳይጠቀስ የተከፈተ ፋይል ዊንዶውስ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነበበው በድሮው የላቲን ሠንጠረዥ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል በሚይዘው ኢንኮዲንግ) 3 ባይት ይይዛል። "ሰላም" የሚለውን ብንወስድ፣ ሰ እና ላ ወደ ሌላ ምልክት ተበላሽተውም ቢሆን ያልፋሉ። ም ላይ ሲደርስ ግን ሦስተኛው ባይት፣ ቁጥር 157፣ ሠንጠረዡ ውስጥ ስለሌለ ፓይተን "ቻርማፕ" የሚል ስህተት አውጥቶ ይቆማል። ፋይሉ ምንም አልሆነም፤ የአማርኛውን ጽሑፍ አታውጡት። ፋይሉ የሚከፈትበት መስመር ላይ ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ ጻፉ። ይህ እርማት ለአማርኛ ብቻ ሳይሆን በላቲን ለማይጻፍ ቋንቋ ሁሉ ይጠቅማል፤ ለብቻው ፑል ሪኩዌስት ሊሆን ይችላል።

አጻጻፍ ላይ ወደቀ

ብላክ፣ ፕሪቲየር ወይም ጎፍምት የሚባሉት የኮድ አጻጻፍ ማስተካከያዎች ካማረሩ በእጅ አታርሙ። ፕሮጀክቱ የሚጠቀመውን ያንኑ ቨርዥን ጭናችሁ ራሱ ያስተካክለው። ሙሉ ፋይሉ ተቀየረ ካለ የዊንዶውስ የመስመር ማብቂያ ገብቶ ይሆናል።

የፊርማ ፍተሻ ወደቀ

ዲሲኦ የሚባለው ነው። ኮዱን የመስጠት መብት እንዳላችሁ የምታረጋግጡበት መስመር ሲሆን ከሊኑክስ ከርነል በ2004 የመጣ ነው። መስመሩ እያንዳንዱ ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ላይ መኖር አለበት። የጎደለው የመጨረሻው ላይ ብቻ ከሆነ ኮሚቱን በአሜንድና በሳይንኦፍ አማራጮች እንደገና አድርጉ፤ ብዙ ከሆኑ ሪቤዝ ራሱ የሳይንኦፍ አማራጭ አለው። ከዚያ በፎርስ ፑሽ (የቀድሞውን በሚተካ ፑሽ) ላኩ። መስመሩ ኖሮም ከወደቀ ኢሜይሉን እዩ። ኮሚቱ ላይ የመሥሪያ ቤት ኢሜይል፣ ፊርማው ላይ የግል ኢሜይል ካለ አይቀበልም።

የይለፍ ቁልፍ ባዶ ነው ይላል

ከፎርክ (ከራሳችሁ የፕሮጀክቱ ቅጂ) የመጣ ፑል ሪኩዌስት የፕሮጀክቱን ሚስጥራዊ ቁልፎች አያገኝም። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ጥበቃ ነው፤ ባይኖር ማንም ሰው ኮድ ልኮ ቁልፉን ይሰርቅ ነበር። ሎጉን ለሜይንቴይነሩ አሳዩት። ያ ፍተሻ ለፎርክ እንዲዘለል ማድረግ ያለባቸው እነሱ ናቸው።

አንዴ ያልፋል፣ አንዴ ይወድቃል

ዳግም ለማስኬድ የመጻፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ከሌላችሁ ባዶ ኮሚት ፑሽ አድርጉ። አረንጓዴ እስኪወጣ ድረስ ደጋግሞ መሞከር ግን አልደግፍም። ኮዳችሁ ውስጥ ሁለት ነገሮች እየተሽቀዳደሙ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ በኋላ ተጠቃሚው ላይ ይፈነዳል። ቴስቱን እናንተ ጋ ደጋግማችሁ አስኪዱት፤ ዋናው ብራንች ላይም እንዲሁ ሞክሩት። እዚያም የሚወድቅ ከሆነ የቴስቱን ስም ጠቅሳችሁ ኢሹ (የችግር ማሳወቂያ) ክፈቱ። የስህተቱን መስመሮችም ኢሹው ውስጥ ገልብጣችሁ አስቀምጡ። ሊንክ ብቻ አይበቃም፤ ቅንብሩ ካልተቀየረ ጊትሃብ ሎጉን ከ90 ቀን በኋላ ያጠፋዋል።