«ሬዲ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በየቦታው ለመጠቀም

ጅማ ውስጥ ከውጭ አገር ቡና ገዢዎች ጋር በእንግሊዝኛ የምትነጋገሩ ወጣቶች «ሬዲ» («ዝግጁ») ለሚለው ቃል ትኩረት ብትሰጡት እጅግ ይጠቅማችኋል። ቃሉን ስም ሲከተለው «ፎር»፣ ግስ ሲከተለው «ቱ» መካከል ይገባል፤ ስለዚህ ናሙናው ለቅምሻ ከደረሰ «ዘ ሳምፕል ኢዝ ሬዲ ፎር ካፒንግ»፣ እናንተ ለመጀመር ከተሰናዳችሁ ደግሞ «ዊ አር ሬዲ ቱ ስታርት» ትላላችሁ።

ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን ዝግጅቱ ባለቀና ገና በሂደት ላይ ባለ ጊዜ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ናሙናው እየተቆላ ሳለ ገዢው ደውሎ ሲጠይቅ «ኢት ኢዝ ሬዲ» ብትሉት፣ ሁሉም ነገር እንዳለቀ ተረድቶ ወዲያው ይመጣና ስኒዎቹ እንኳ ሳይደረደሩ ይደርሳል፤ «ዊ አር ጌቲንግ ኢት ሬዲ» ካላችሁት ግን በመሰናዳት ላይ መሆናችሁን ይገነዘባል።

ቃሉ ያለ «ፎር» በቀጥታ ከስም ቀድሞ ሲመጣ ፍቺው ይለወጣል፤ «ሬዲ ካሽ» በእጅ ያለ ጥሬ ገንዘብ፣ «ኤ ሬዲ አንሰር» ሳያመነቱ የሚሰጡት መልስ ነው። ኢሜይል ስትጽፉ ደግሞ አንድ ላይ የሚጻፈው «ኦልሬዲ» «ቀድሞውኑ» ማለት ሲሆን፣ ተነጥሎ የሚጻፈው «ኦል ሬዲ» «ሁሉም ዝግጁ» ማለት ስለሆነ፣ ከመላካችሁ በፊት ክፍተቷን ተመልከቱ።