የቤዝመንትን እርጥበት በዲሂዩሚዲፋየር እንዴት መቀነስ ይቻላል

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በተለይም በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ ቤዝመንት፣ ማለትም ምድር ቤት፣ ተከራይቶ የሚኖር ወይም በገዛ ቤቱ ቤዝመንት ውስጥ መኝታ ክፍል ያዘጋጀ ሰው የሰመሩን ወበቅ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ቁም ሳጥን ግርጌ ታጥፎ የከረመ ጋቢ ሲወጣ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል፤ የቆዳ ጫማ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ በመሶብ ያደረ እንጀራም ከወትሮው ቀድሞ ይሻግታል። ብዙዎቻችን በመጀመሪያ የምናደርገው እጣን ማጨስና መስኮት መክፈት ነው። እጣኑ ሽታውን ለጥቂት ሰዓት ይሸፍነዋል እንጂ ውሃውን አያወጣውም፤ መስኮቱ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል።

ይህ የሆነበትን ምክንያት መረዳት ከእርጥበት መምጠጫው ማሽን አጠቃቀም ሁሉ ስለሚቀድም ትንሽ ላብራራው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ቤት ሲታፈን መስኮት መክፈት፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ ማስጣት ልማዱ ነው፤ የበጋው አየር ደረቅ በመሆኑም እዚያ ዘዴው ይሠራል። በዋሽንግተን ሰመር ግን የውጭው አየር 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና 70 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት (ማለትም አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ውሃ 70 በመቶውን) ሊኖረው ይችላል። እንዲህ ያለ አየር ወደ 24 ዲግሪ ገደማ ከቀዘቀዘ የያዘውን ውሃ መልቀቅ ይጀምራል፤ ከአፈር ጋር የተያያዙት የቤዝመንት ግድግዳና ወለል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይቀዘቅዛሉ። ስለዚህ በመስኮት ያስገባነው አየር፣ ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ እንደሚያልበው ሁሉ፣ ግድግዳችንን ላብ ያስወጣዋል። ዲሂዩሚዲፋየር የሚባለው እርጥበት መምጠጫ ማሽንም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ አየሩን በማራገቢያ ስቦ በቀዝቃዛ ቱቦዎች ላይ ያሳልፈዋል፣ ውሃው ባልዲው ውስጥ ይንጠባጠባል፣ የደረቀው አየር ደግሞ በሙቅ ቱቦዎች በኩል አልፎ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ክፍሉን በመጠኑ የሚያሞቀውም ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ ውሃው ከየት እንደሚመጣ መለየት ነው። ማሽኑ አየር ውስጥ ያለውን እርጥበት ይመጥጣል እንጂ በግድግዳ ስንጥቅ የሚገባ ውሃን አያቆምም። ቀላል መፈተኛ አለ፤ ክንድ የሚያህል ካሬ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቆ መለጠፍና ከ24 እስከ 48 ሰዓት መጠበቅ። ላስቲኩ በክፍሉ በኩል ካላበው ችግሩ የአየሩ እርጥበት ነው፤ በግድግዳው በኩል ከረጠበ ግን ውሃው ከአፈሩ በግድግዳው ውስጥ እየሰረገ ነውና ከማሽኑ በፊት ሌላ ሥራ አለ። ወደ ውጭ ወጥቶ የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን የት እንደሚያፈስ መመልከትም ተገቢ ነው፤ ቤቱ ሥር የሚያፈስ ከሆነ በማስረዘሚያ ቱቦ ወደ 2 ሜትር ያህል ማራቅ አንዳንዴ ከውድ ማሽን ይበልጥ ይጠቅማል። ተከራይ የሆነ ሰው ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ቀኑን ጠቅሶ ለአከራዩ በጽሑፍ ያሳውቅ። ግድግዳው ላይ የወጣው ሻጋታ ከአንድ ካሬ ሜትር ገደማ የማይበልጥ ከሆነ ጓንትና ጭንብል አድርጎ በሳሙናና በውሃ አሽቶ ማድረቅ ይቻላል፤ ከዚያ ከሰፋ ለባለሙያ መተው ይሻላል።

ቀጥሎ መለካት ይገባል። ሃይግሮሜትር የሚባለው አነስተኛ መለኪያ ከ10 እስከ 15 ዶላር ይገኛል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የቤት ውስጥ አንጻራዊ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 በመቶ ባለው መካከል እንዲሆን ይመክራል። መለኪያውን ለጥቂት ቀናት በተለያዩ ክፍሎች እያስቀመጡ ጠዋትና ማታ ማንበብ ብዙ ነገር ያሳያል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን የምጣዱ ክዳን በተነሣ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት ቁጥሩን እንዴት እንደሚያንረው ያየ ሰው፣ የኩሽናውን አየር ማስወጫ ሳያበራ ዳግመኛ አይጋግርም።

ማሽን ስንገዛ መጠኑ የሚጻፈው በቀን በሚያወጣው የውሃ ፓይንት ነው። ባለ 50 ፓይንት ማሽን በቀን እስከ 24 ሊትር ገደማ ያወጣል ማለት ነው፤ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ሊሞላ ምንም አይቀረውም። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በአሜሪካ የመለኪያ ደንቡ በ2019 ተለውጦ ማሽኖቹ በ27 ዲግሪ ገደማ ይፈተኑ የነበረው ወደ 18 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ስላለ፣ ቀድሞ 70 ፓይንት ይባል የነበረው ዛሬ 50 ፓይንት ተብሎ ይሸጣል። ስለዚህ ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰው ቁጥሩን ብቻ አይቶ አያወዳድር። ለአንድ መኝታ ክፍል 20 ፓይንት ገደማ ሊበቃ ይችላል፤ ለሰፊና ሁልጊዜ ለሚረጥብ ቤዝመንት ግን ትልቁን እመርጣለሁ፤ ትንሹ ማሽን ሌት ተቀን ሲያጓራ ውሎ አድሮ እንኳ የተፈለገው ላይ ላይደርስ ይችላልና። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ የሞዴል ቁጥሩን በአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ገጽ ላይ መፈለግ ግድ ነው፤ እሳት ሊያስነሡ ይችላሉ ተብለው እንዲመለሱ የታዘዙ ብዙ ማሽኖች አሉ።

ማሽኑ ቤት ሲገባ ቆሞ እንዲቀመጥ ያስፈልጋል፤ በመኪና ተጋድሞ መጥቶ ከሆነ፣ በውስጡ ያለው ዘይት ወደ ቦታው እንዲመለስ ለአንድ ቀን ያህል ሳይበራ ይቆይ። ከግድግዳና ከመጋረጃ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ራቅ አድርጎ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ማቆም፣ የውጭ በሮችንና መስኮቶችን መዝጋት፣ የቁም ሳጥኖችንና የውስጥ ክፍሎችን በር ደግሞ መክፈት ያስፈልጋል። መሰኪያው በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ይግባ፤ በማራዘሚያ ገመድ አይሁን። ከዚያ ማሽኑን 50 በመቶ እርጥበት ላይ ማድረግ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአየሩ በተጨማሪ ምንጣፉ፣ ሶፋውና ልብሱ የያዙትም ውሃ ስለሚወጣ ማሽኑ ሳያቋርጥ ቢሠራ ማስደንገጥ የለበትም።

ባልዲው ብዙ ጊዜ ከ10 ሊትር በታች ስለሚይዝ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ መደፋት ይኖርበታል፤ ሲሞላም ማሽኑ ራሱን ያቆማል፤ አንዳንዱ እኩለ ሌሊት ላይ እየጮኸ ይቀሰቅሳል። ከዚህ የሚገላግለው ቱቦ ገጥሞ ወደ ወለሉ የውሃ መውረጃ መምራት ነው፤ ቱቦው ግን ከማሽኑ መውጫ እስከ መጨረሻው ወደ ታች ማዘንበል አለበት። እኔ በመጀመሪያው ሰመር ቱቦውን በተጠቀለለ ምንጣፍ ላይ አሳልፌው ተኛሁ፤ ውሃው ያንን ጉብታ መውጣት ስላቃተው መጋጠሚያው ላይ ሲንጠባጠብ አድሮ ጠዋት ካልሲዬን እስኪያርሰው ድረስ አላወቅሁም ነበር። መውረጃው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከሆነ ፓምፕ ያለው ማሽን ይገዛል። የተጠራቀመው ውሃ ንጹሕ ቢመስልም አይጠጣም፣ ምግብም አይሠራበትም፤ ሽንት ቤት ለመልቀቅ ግን ይሆናል።

ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ አውጥቶ በለብታ ውሃ ማጠብና አድርቆ መመለስ፣ ባልዲውንም በሳሙና ማጠብ ይገባል። ወጪውን በተመለከተ፣ 500 ዋት የሚወስድ ማሽን በቀን 12 ሰዓት ቢሠራ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በኪሎዋት ሰዓት 17 ሳንቲም ቢታሰብ በወር ወደ 30 ዶላር ይጠጋል። ሃይግሮሜትሩ ከ45 በመቶ በታች ካሳየ ማሽኑን ከዚያም ዝቅ ወዳለ እርጥበት አስተካክሎ ማሠራት ገንዘብ ማባከን ነው።

በአዲስ አበባ ክረምት ምድር ቤታቸው ለረጠበባቸው ዘመዶች ይህን ማሽን ለመላክ የሚያስብ ሰው ቢኖር፣ የአሜሪካው በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ የሚሠራ ሲሆን የኢትዮጵያው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን፣ ማለትም የመብራቱን ድግግሞሽ፣ ስለማይለውጥ ችግሩን ሙሉ በሙሉ አይፈታውም። በዚያ ላይ የሚያቀዘቅዝ ማሽን በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አቅሙ ይደክማል፣ ቱቦው ላይም በረዶ ሊሠራ ይችላል፤ ለእንዲህ ያለው ቤት እርጥበትን በመጣጭ ማዕድን የሚይዘው ዓይነት፣ መብራት ቢበላም፣ ይሻላል።

በዋሽንግተን ብርዱ ገብቶ ማሞቂያ ሲበራ የቤቱ አየር በራሱ ይደርቃል። ሃይግሮሜትሩ ለሁለት ሳምንት ከ50 በታች ከቆየ ማሽኑን አጥፍቶ ባልዲውን መድፋት፣ ክዳኑን ከፍቶ ማድረቅ፣ ቱቦውን ነቅሎ ውሃውን ማንጠፍጠፍና ማሽኑን እንደቆመ ሸፍኖ ማስቀመጥ ነው።