የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፋንና ሂት ሲንክ እንዴት ይቀየራል?

ኮምፒውተርዎ እንደ ወፍጮ ቤት መጮህ ጀምሯል? ወይስ ሥራ ሲበዛበት በራሱ ድርግም ይላል? ፕሮሰሰሩ ሳይሞቅበት አይቀርም። ግን ለግዢ አይቸኩሉ። መጀመሪያ ኬዙን ከፍተው ሂት ሲንኩን፣ ማለትም ከፋኑ ሥር ሆኖ የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚቀበለውን ብረት፣ ይዩት። አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሮበት ከሆነ በብሎወር ያጽዱት፤ ሲነፉት ፋኑን በጣት ይያዙት እንጂ በንፋሱ እንዲሽከረከር አይተዉት። ከጽዳት በኋላም ካልተሻለው፣ ወይም ፋኑ አልዞር ካለ፣ ያኔ ይቀየራል።

ከመግዛትዎ በፊት የፕሮሰሰርዎን ሶኬት፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ የሚቀመጥበትን ቦታ ዓይነት፣ ይወቁ። የኢንቴል 1150፣ 1151 እና 1200 ሶኬቶች የማሰሪያ ቀዳዳ አንድ ዓይነት ነው፤ 1700 ግን ይለያል። ቢሮ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ደግሞ የራሳቸው አሠራር ሊኖራቸው ስለሚችል አሮጌውን ፎቶ አንስቶ ሱቅ መሄድ ይሻላል። እግረ መንገድዎን ቴርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በሂት ሲንኩ መካከል ገብቶ ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት)፣ ከፋርማሲ ደግሞ አልኮል ይያዙ። ሳኒታይዘር አይሆንም፤ ቅሪት ይተዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲያወልቅ ነው። የደረቀ ፔስት እንደ ሙጫ ይይዛል። እኔ አንዴ የኤኤምዲ ኮምፒውተር ላይ ሂት ሲንኩን ቀጥ አድርጌ ብስበው፣ ፕሮሰሰሩ ከነእግሮቹ ተነቅሎ አብሮ መጣ። ሁለት እግር ተጣሞ በመርፌ ሳቃና አመሸሁ። ስለዚህ ከማጥፋትዎ በፊት አሥር ደቂቃ ያህል ቪዲዮ ይክፈቱበት፤ ፔስቱ ይለሰልሳል። ከዚያ ያጥፉት፣ ገመዱን ይንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭነው የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስወጡ። የኬዙን ብረት ነካ አድርገው በጎኑ ያስተኙት።

የፋኑን ገመድ ከማዘርቦርዱ ይንቀሉ። የኢንቴል የተለመደው ፋን አራት የፕላስቲክ እግር አለው። እያንዳንዱን በካቻቢቴ ወደ ቀስቱ አቅጣጫ ሩብ ዙር አዙረው ወደ ላይ ይሳቡ። ከዚያ ሂት ሲንኩን ግራ ቀኝ ቀስ እያሉ ያወዛውዙት፤ ሲላቀቅ ያነሱታል።

አሮጌውን ፔስት አልኮል በነካ፣ ክር በማይለቅ ጨርቅ የፕሮሰሰሩ ፊት እስኪያብረቀርቅ ይጥረጉ። ይድረቅ። ከዚያ መሃሉ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል አዲስ ፔስት ጠብ ያድርጉ። ይኸው ነው። ፀጉር ቅቤ እንደሚቀባ የሚለቀልቁ አሉ፤ ሲጫን ወደ ጎን ከመፍሰስ በቀር ጥቅም የለውም። አዲሱ ሂት ሲንክ ከሥሩ ግራጫ ፔስት ተቀብቶ ከመጣ ጭራሽ አይጨምሩበት። የመከላከያ ላስቲክ ካለው ግን መላጡን አይርሱ።

አራቱን እግሮች ከቀስቱ በተቃራኒ አዙረው ወደ ቦታቸው ይመልሱ፤ የፋኑ ገመድ የሚደርስበትን አቅጣጫም ይምረጡ። ሂት ሲንኩን ቀዳዳዎቹ ላይ አስተካክለው ካስቀመጡ በኋላ እግሮቹን በአንግል ይጫኑ፤ አንዱን ከተጫኑ ቀጥሎ በማዕዘን ትይዩ ያለውን። እያንዳንዱ ቀጭ ማለት አለበት። ነቅነቅ ሲያደርጉት ከተንቀሳቀሰ አንዱ አልገባም ማለት ነው። ገመዱን ሲፒዩ ፋን (CPU_FAN) የሚል ጽሑፍ ያለበት ቦታ ላይ ይሰኩ፤ ሌላ ቦታ ከሰኩት ሲነሳ የፋን ስህተት ብሎ ሊቆም ይችላል።

ኬዙን ሳይዘጉ ያብሩትና ፋኑ መዞሩን ይዩ። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብተው የፕሮሰሰሩን ሙቀት ይከታተሉ። ከ35 እስከ 50 ዲግሪ አካባቢ ከረጋ ኬዙን ይዝጉ። በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ 80ን አልፎ መውጣት ከቀጠለ ግን ወዲያው ያጥፉት። አንድ እግር አልያዘም፣ አለዚያም ላስቲኩ አልተላጠም። እንደገና ሲያነሱት ያንኑ ፔስት መልሰው አይጠቀሙ፤ አየር ይገባበታል። ጠርገው አዲስ ያድርጉበት።