በእንግሊዝኛ ስለ ቦታ ስንናገር ኢን፣ ኦን እና አትን እንዴት እንምረጥ?

በአማርኛ «ደሴ ነው የምኖረው»፣ «ፒያሳ እንገናኝ»፣ «መናኸሪያ ነኝ» ብለን እንጨርሳለን። ሰሚውም ይገባዋል። እንግሊዝኛ ግን ከቦታው ስም በፊት አንድ መስተዋድድ ይፈልጋል። ብዙ ተማሪ የትኛው ከየትኛው ቦታ ጋር እንደሚሄድ በዝርዝር ይሸመድዳል። እኔ ይህን አልመክርም። ዝርዝሩ ማለቂያ የለውም፣ ፈተና ላይም ይጠፋል።

መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ። ቦታው ነገሩን በውስጡ ይዞታል? ኢን በሉ። ነገሩ ላዩ ላይ ነው፣ ወይም መንገድና ወንዝ ዳር ነው? ኦን። ውስጥም ሆነ ላይ ሳትሉ መገኛውን ብቻ ነው የምትጠቁሙት? አት።

ይህን ለመረዳት ቤተ ጊዮርጊስን የመሰለ ቦታ የለም። ላሊበላ ውስጥ እንግዳ እያስጎበኛችሁ ነው እንበል። ከአለቱ አፋፍ ቆማችሁ ቁልቁል እያያችሁ ስልክ ቢደወል «ዊ አር አት ቤተ ጊዮርጊስ» ትላላችሁ። ደርሳችኋል፣ ግን ገና አልገባችሁም። ወርዳችሁ፣ ጫማ አውልቃችሁ ስትገቡ «ዊ አር ኢን ቤተ ጊዮርጊስ» ይሆናል። ጣሪያው ላይ የተፈለፈለውን መስቀል ስታሳዩ ደግሞ «ዘ ክሮስ ኦን ዘ ሩፍ» ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ያው ነው፤ የተለየው ስለ እሱ የምትናገሩት ነገር ነው። «ለቤተ ክርስቲያን የሚገባው መስተዋድድ የትኛው ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልስ አታገኙም። ሐይቅም ያው ነው። ዓሣው «ኢን ዘ ሌክ» ይኖራል፣ ጀልባው «ኦን ዘ ሌክ» ይሄዳል፣ ዳር ላይ የተቀጣጠሩ ጓደኛሞች «አት ዘ ሌክ» ይገናኛሉ።

ቀጥሎ የቦታውን ስፋት እዩ። ሀገር፣ ክልል፣ ከተማ፣ መንደር ሁሉ ኢን ነው፦ «ኢን ኢትዮጵያ»፣ «ኢን ወሎ»፣ «ኢን ደሴ»። «አይ ሊቭ አት ደሴ» አይባልም። አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። ከተማዋ በጉዞ መሀል የምትቆሙባት ፌርማታ ብቻ ከሆነች አት ትወስዳለች፦ «ዘ ባስ ስቶፕስ አት ውጫሌ»።

ከዚያ መንገድና ወንዝ አሉ። ሁለቱም መስመር ስለሆኑ ዳርቻቸው ያለ ከተማ ኦን ይይዛል። «መርሳ ኢዝ ኦን ዘ ሮድ ቱ ወልዲያ»፣ «ኮምቦልቻ ኢዝ ኦን ዘ ቦርከና ሪቨር»። ተራራ ላይ የሚኖር ሰውም ኦን ነው። ጫፉንና ግርጌውን ለይታችሁ ስትጠቅሱ ግን ወደ አት ተመለሱ፦ «ደሴ ኢዝ አት ዘ ፉት ኦፍ ማውንት ጦሳ»።

ተቋም ላይ ስትደርሱ ረጋ በሉ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የምትማሩበትን ስትናገሩ «አይ ስተዲ አት ወሎ ዩኒቨርሲቲ» ነው። ሕንፃው ውስጥ ስለመሆናችሁ ሳይሆን ተማሪው ስለመሆናችሁ ነውና የምታወሩት። ሆስፒታል ላይ ልዩነቱ ከባድ ነው። «ማይ ሲስተር ኢዝ አት ዘ ሆስፒታል» ካላችሁ እህታችሁ ሰው ልትጠይቅ ሄዳ ይሆናል፣ ወይም እዚያ ትሠራለች። «ኢን ሆስፒታል» ስትሉ ግን ታማ ተኝታለች ማለት ነው። አሜሪካኖች «ኢን ዘ ሆስፒታል» ይላሉ። ውጭ ላለ ዘመድ እንዲህ ያለ ወሬ ስትልኩ ደግማችሁ አንብቡት፤ በአንዲት ትንሽ ቃል ሰው በከንቱ ይደነግጣል።

መጓጓዣን በአንድ ጥያቄ መለየት ይቻላል፦ ቆሜ ወዲያ ወዲህ ማለት እችላለሁ? አውቶቡስና አውሮፕላን ውስጥ ይቻላል፤ ስለዚህ ኦን። የቤት መኪናና ባጃጅ ውስጥ አይቻልም፤ ኢን። ጀርባው ላይ የምትቀመጡበት ሁሉ ደግሞ፣ በቅሎም ሆነ ሞተር ሳይክል፣ ኦን ነው።

መድረስን ስትናገሩ ቱን ተዉት። «አራይቭ ቱ ደሴ» ስህተት ነው። ከተማ ከሆነ «አራይቭ ኢን ደሴ»፣ አነስ ያለ ቦታ ከሆነ «አራይቭ አት ዘ ኤርፖርት»። ቱ የሚገባው መሄድ ላይ ነው፦ «ጎ ቱ ባቲ»። ወደ ቤት ስትሄዱ እሱም ይቀራል፦ «ጎ ሆም»።

አሁን ደብተር አውጡና የአንድ ቀን መንገዳችሁን ጻፉ። ከቤት ስትወጡ፣ ባጃጅ ስትይዙ፣ ገበያ ስትደርሱ፣ ሱቅ ስትገቡ፣ ወንበር ላይ ስታርፉ። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የመስተዋድዱን ቦታ ባዶ ተዉት። ጽፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ተመልሳችሁ ሙሉት፤ ጎኑ ላይም ያንን ለምን እንደመረጣችሁ በአማርኛ ጻፉ። ምክንያቱን መጻፍ ያቃታችሁ ቦታ ካለ ደግማችሁ ማየት ያለባችሁ እሱን ነው።