ያረጀ የማንጎ ግቢ ሲመነጠር እንጨቱን በተገቢው ዋጋ ስለ መሸጥ

ያረጁ የፍራፍሬ ዛፎችን የሚያነሣ ገበሬ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ገና መጥረቢያ ሳይነሣ ነው፤ ከሰል አክሳይ ወይም ደላላ መጥቶ ግቢውን በዓይኑ ይገምትና ለሁሉም ዛፍ አንድ ዋጋ ይጠራል፣ ባለቤቱም «መሬቱን ካጸዳልኝ ይበቃኛል» ብሎ ይስማማል። እንዲህ በቁሙ በግምት ከተሸጠው እንጨት ውስጥ ቀጥ ያለው ግንድ ተመርጦ ወደ መሰንጠቂያ ሲሄድ ትርፉ የሌላ ሰው ነው።

አስቀድመው ዛፉ በእርግጥ መነቀል እንዳለበት ያረጋግጡ። ጤነኛ ግንድ ያለው ማንጎ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከተጎመደ በኋላ በሚያቆጠቁጠው ቀንበጥ ላይ የተሻሻለ ዝርያ ሊዳቀል ይችላል፤ በዚህ ጊዜ የሚሸጡት ቅርንጫፉን ብቻ ነው።

የሚነሣ ከሆነ ግን ገዢ ከመጥራትዎ በፊት ይለኩ። የግንዱን ዙሪያ መካከሉ ላይ በሜትር ለክተው ቁጥሩን በራሱ ያባዙ፣ ውጤቱን በርዝመቱ ያባዙ፣ ከዚያም ለ12.57 ያካፍሉ። ዙሪያው 1.50፣ ርዝመቱ 2 ሜትር የሆነ ግንድ 0.36 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። ሲሰነጠቅ ጣውላ ሆኖ የሚወጣው ከዚህ ግማሽ ያህሉ ስለሆነ፣ የአንድ ጣውላ የገበያ ዋጋ ጠይቀው ከግንዱ በሚወጣው የጣውላ ብዛት ቢያባዙና የመሰንጠቂያውንና የመጓጓዣውን ወጪ ቢቀንሱ የግንዱን ዋጋ ራስዎ ያገኙታል።

በአባቴ ግቢ አንድ አናጺ የማንጎውን ግንድ በመዳፉ ሲዳብስ አንድ እብጠት ላይ ቆም አለና ቅርፊቱን በቢላዋ ላጠው፤ ከዓመታት በፊት የልብስ ማድረቂያ ገመድ የታሰረበት ምስማር ዝጎ ከውስጥ ወጣ። ምስማርና ሽቦ የመሰንጠቂያውን መጋዝ ስለሚሰብር ገዢው በዚያ ፍርሃት የሁሉንም ግንድ ዋጋ ያወርዳል። ስለዚህ ጥርጣሬ ያለበትን ቦታ ቀድመው ያሳዩ፣ ያንን ክፍልም ለብቻው አስቆርጠው ለማገዶ ይለዩት።

ሁሉም እንጨት አንድ ዋጋ የለውም። የዘይቱንና የብርቱካን ግንድ ቀጭን ቢሆንም ጠንካራ ስለሆነ ለመጥረቢያና ለመዶሻ ዛቢያ ይፈለጋል፤ የቡና ግንድ ጥሩ ማገዶ ነው፤ የአቮካዶ እንጨት ለስላሳና ነቀዝ የሚደፍረው ስለሆነ ከፍ ያለ ዋጋ አይጠብቁበት። የማንጎ ጢስ ዓይንንና ጉሮሮን ሊቆጣ፣ ወተቱም ቆዳን ሊያሳክክ ስለሚችል ለማገዶ ሲሸጡት ይህን ለገዢው መንገር ይገባል።

ማንጎ በበጋ ይቆረጥ፣ ሳይውል ሳያድርም ይሰንጠቅ፤ ከቆየ ሻጋታ ገብቶ እንጨቱን ሰማያዊ ግራጫ ያደርገዋልና አናጺ ዋጋውን ይቀንሳል። የጣውላውን ሁለት ጫፎች በአሮጌ የዘይት ቀለም ቢቀቡ ሲደርቅ መሰነጣጠቁ ይቀንሳል። ከመሬት ከፍ አድርገው በጥላ ሥር ሲደረድሩት በየመካከሉ እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች ያስገቡ፤ እነዚህም በየድርድሩ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ካልዋሉ ጣውላው ይጣመማል።

ከመኪና ጭነት በፊት ስለ እንጨት ማጓጓዣ ፈቃድ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ በድንበሩ ላይ ዋንዛ ወይም ዝግባ ካለ በተለይ ሳይጠይቁ አያስነኩት። ከገዢው ጋር ደግሞ ማን እንደሚቆርጥ፣ አጥር ቢሰበር ማን እንደሚጠግን፣ ጉቶውን ማን እንደሚነቅልና ገንዘቡ መኪናው ከግቢ ከመውጣቱ በፊት እንደሚከፈል በወረቀት ይስማሙ፤ በተለይ ስለ ጉቶው ካልተጻፈ ማስነቀያው ከእንጨቱ ካገኙት ገንዘብ ላይ ይወጣል።